አሥራ ሁለት መርፌ

ዝናቡ የሊማን ወንዝ በጥፊ ሲመታው፣
ዲዮሊንዳ ደወለች፤ ገና ንጋት ላይ ነው።
«ኮምፒውተሩ ላይ ጉድ ወጥቷል፣ ስክሪኑን ሸፍኖ፣
‹ዊንዶውሱን ላድሰው?› ይላል፣ እንደ ሹም ጀንኖ።
እሺም አላልኩትም፣ እንቢም አላልኩትም፤
‹ቆይ፣ ኋላ› የሚሉት ቁልፍ አላኖሩም።»

ሱቋ ከድልድዩ ሦስት በር አለፍ ብሎ፣
ከዓሣ ነጋዴው ጋር ግድግዳ ተካፍሎ፤
መደርደሪያው ላይ ክር፣ ከወለሉም ላይ ክር፣
ያን ቀን ግን ከክሩ ይበዛ ነበር ክርክር።

የእህቷ ልጅ ኢርያ፣ ሒሳብ የምትሠራው፣
«ይታደስ!» ትላለች፤ «ምኑ ነው የሚያስፈራው?
ከጥቅምት በኋላ ዘበኛ የለንም፤
ጠላፊ ቢገባ ‹ማነህ?› ባይ አይኖርም።
የደንበኞች ስም፣ የባንክ ቤቱ ቁጥር፣
መዝጊያ በሌለው ቤት እስከ መቼ ይደር?»

ኦዴቴ ሣቀች። ሃያ ሁለት ዓመት
ከማሽኑ ጋራ ስትጠልፍ የኖረች ሴት።
«እዚህ ቤት ጠላፊ እኔው ነኝ» አለችን፤
«ከሁሉ በፊት ግን እሱን ጠይቁልን።»
አሥራ ሁለት መርፌ፣ ባገጯ አሳየችን።

እውነቷን ነው።
ያ ማሽን የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤
ቋንቋውን የሠራው ድርጅት ከስሮ፣
ስልኩ ቢደወልም አያነሣም ዘንድሮ።
ሟቹ አውሬሊዮ በብስኩት ቆርቆሮ፣
ዲስኩን ትቶላታል በጨርቅ ጠቅልሎ አሥሮ፤
ባወጣሁት ጊዜ ፊቱ ተሰንጥቋል፣
እንደ ደረቀ ወንዝ መስመር መስመር ሠርቷል።

እኔም፣ አልዋሽም፣ «ይታደስ» ብል ይሻለኛል፤
የሁለት ቀን ዋጋ፣ የሦስት ሳጥን ትርፍ ይደርሰኛል፤
የመኪናዬ ጎማ መልጦ፣ እሱም ይጠብቀኛል።
አፌን ከፈት ሳደርግ ዓይኔ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤
ልብ ነው፣ የቪያና ልብ፣ ግማሹ ቀልቶ ያለቀ፣
ግማሹ ገና ነጭ ሆኖ ክሩን የጠበቀ።
የበዓል ሽርጥ ነው፤ ሦስት መቶ ታዟል፣
ዘጠና አንዱ ተጠልፎ እዚያ ጥግ ተከምሯል።

ዲዮሊንዳ መነጽሯን አወለቀች፣
በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች።
«ስንት ይፈጃል? ስንት ቀን? ቢበላሽስ ይመለሳል?»
ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ። ዝምታም ይመልሳል።

ጉልበቷን ደግፋ ከጠረጴዛው ሥር ገባች፤
ሰማያዊውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።
«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ባሕታዊ ነው፤
ከዓለም ወሬ ይራቅ፣ ሥራውን ብቻ ይሥራው።
ኢርያ፣ ላንቺ አዲስ ይገዛልሻል፤
ደረሰኝሽን በሱ ጻፊ፣ መዝጊያም ይኖርሻል።
ደንበኛውም፣ ባንኩም፣ ወዳንቺ ይዛወር፤
ባሕታዊ ዘንድ ምን ይሠራል የባንክ ቁጥር?»

ኢርያ አኮረፈች፤ «ዞሮ ዞሮ» አለች፣
«ዞሮ ዞሮ መሞቱ አይቀርም» አለች።
ማንም አልመለሰላት። ኦዴቴ ማሽኑን አስነሣች።

መርፌዎቹ ሲወርዱ፣ እኔ ጎንበስ ባልኩበት፣
ከአሮጌው ሳጥን ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁት፣
እንደ ጥርስ ማፋጨት።
ኦዴቴ ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፤
ለካ ሰምታው ኖሯል፣ ከስንት ወር በፊት፣ ሳትነግረን።
«እስከ ነሐሴ» አለች፣ ቀዩን ክር ነክሳ፤
ሌላ ቃል አልጨመረች፣ ዞረች ወደ ልቧ ተመልሳ።

ያን ሌሊት ቀረሁ፣ ሱቁ ሲዘጋጋ፤
የባሕታዊውን ሆድ ቀዳሁት፣ ጠብታ በጠብታ፣ እስኪነጋ፤
ደረሰኙ ላይም አልጻፍኩለት ዋጋ።
ቅጂው በብስኩት ቆርቆሮ ከአውሬሊዮ ጨርቅ ጋር ነው ያለው።
ይሥራ አይሥራ እንጃ፣
እስካሁን አልሞከርነው።